ማማ በስንት ሰው ቁመት ይሰቀላል?

አያ ደምሌ በደለኝ። አያ ደምሌ ማለት የሟቹ ባሌ ታላቅ ወንድም ነው፤ ተበዳይዋ እኔ ስንዱ ነኝ፤ የተበደልኩትም በዛፍ ነው። ነገሩን ገና ከበሩ ላይ ያስቀመጥኩት፣ ኋላ ላይ ለሰውዬው ስሳሳለት ብታዩኝ ማን ማንን እንደበደለ እንዳትረሱብኝ ነው። እኔ ራሴ አንዳንዴ እረሳዋለሁ። ሲስቅ ባሌን ይመስላል።

አሁን ወደ ጨዋታችን። ሰው ከፍታ ይወዳል። እኔ ያገኘሁትን ሁሉ የማነብ ሴት ነኝ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ እንኳ ዘርግቼ፣ ግራ ቀኙን አይቼ፣ የተቀደደውን ጎን በግምት ሞልቼ ሳላነብ እሳት ውስጥ አልጨምርም። ይህን ግን ከየትም አላነበብኩትም፤ ዓይን ያለው ሁሉ የሚያየው ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ላይ ነው፤ ይገባዋል። የቀበሌው ጽሕፈት ቤትም ጉብታ ላይ ነው፤ እሱ ለምን እንደሆነ ጉልበቱን የሚያመውን ባለጉዳይ ጠይቁት። ሠርግ ቤት ግቡና ከፍ ያለው መደብ ላይ ቦታ ያጣውን ሽማግሌ ፊቱን እዩት፤ ሙሽሮቹ ልጅ ወልደው ክርስትና እስኪያስነሱ ቂሙን አይረሳም። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ብዙ ያያል ይሉናል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ከፍ ብሎ የተቀመጠ በብዙ ሰው ይታያል። ሁለቱ አንድ እየመሰሉን ስንት ዘመን ኖርን። ልዩነቱን ለእኔ የነገረኝ ምሁር ዝንጀሮ ነው።

ከተማ ያላችሁት ማማ ስል ሌላ ነገር እንዳታስቡ። ማማ ማለት እህል የሚጠበቅበት መቀመጫ ነው፤ ዛፍ ላይ ወይም በአራት ቋሚ ላይ እንጨት ተረብርቦ፣ ሣር ተነጥፎበት፣ ሰው ወንጭፉን ይዞ ቁጭ ብሎ የሚውልበት። የእኛ ማሳ ከይጁቤ ከተማ ወዲያ፣ ምድሩ ወደ ዓባይ በረሃ ሊወድቅ ሲል ትንሽ አሰብ አድርጎ የቆመበት አፋፍ ላይ ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ዝንጀሮው ከገደሉ ይወጣል። ሌላው አውሬ ጨለማ ይጠብቃል፤ ያፍራል መሰለኝ። ዝንጀሮ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ ልክ እንደ መንግሥት ሠራተኛ ሦስት ሰዓት ገብቶ አሥር ሰዓት ላይ ይወጣል። ከመንግሥት ሠራተኛ የሚለየው ምሳውን እዚያው መብላቱ ነው። ፍልሰታ ነው ብላችሁ አትጽናኑ። በቆሎ የጾም ነው።

በልቶ ቢጠግብ እንኳ ደግ ነበር። አንዱን እሸት ይቀጥፍና ብብቱ ሥር ይሸጉጣል፤ ሁለተኛውን ለመቅጠፍ ክንዱን ሲያነሳ የመጀመሪያው ይወድቃል፤ ሁለተኛውን ሲሸጉጥ ሦስተኛው ያምረዋል። እንዲህ እያለ ማሳውን ሙሉ ቀጥፎ አንዲት እሸት ይዞ ወደ ገደሉ ይወርዳል። እኔ በዚህ ጠባዩ አልፈርድበትም፤ እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አውቃለሁ፣ የምጠብቀው ግን በቆሎዬን ነው።

ባሌ ከሞተ ሦስት ክረምት ሆነው። ማሳው በእኔ ስም ነው፤ ደብተሩ ሳጥኔ ውስጥ አለ፣ ፎቶዬም ተለጥፎበታል፣ ፎቶው ላይ የተኮሳተርኩት ፎቶ አንሺው «ሳቂ» ስላለኝ ነው። እና በሕግ በኩል የሚነካኝ የለም። ዘመድ ግን ከሕግ ይልቃል። አምና ዝንጀሮው የማሳዬን እኩሌታ ከጨረሰው በኋላ አያ ደምሌ የሰንበቴያችንን ሽማግሌዎች ሰብስቦ፣ «የወንድሜ ማሳ የዝንጀሮ መጫወቻ ሲሆን ዝም ብዬ አላይም፤ በእኩል ልረሰው፣ ምርቱን እንካፈላለን» አለ። ሽማግሌዎቹም ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። በእኩል የተሰጠ ማሳ እንዴት እንደሚሆን ባላገር የሆነ ያውቃል፤ መጀመሪያው ዓመት በእኩል ይሆናል፣ ሁለተኛው ዓመት በሲሶ ይሆናል፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ በገዛ ማሳሽ እሸት ለመቅጠፍ ስትገቢ «ማነሽ?» ትባያለሽ። እኔም «አንድ ዓመት ስጡኝ» አልኳቸው። «ዘንድሮ ከተበላብኝ አያ ደምሌ ይረሰው። ካልተበላብኝ ግን ይህ ነገር ዳግመኛ በፊቴ እንዳይነሳ።» የሰንበቴው ሙሴ፣ ማለት መሪው፣ አባ ታከለ ናቸው፤ እሳቸው ባሉበት ተስማማን።

እንግዲህ ያ ማሳ ቢበላ የሚበላው በቆሎ ብቻ አልነበረም።

ሦስት ማሳ ጎን ለጎን ነን። የእኔው እአፋፉ ላይ፣ ከገደሉ የሚወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚረግጠው። ከእኔ በላይ የአያ ደምሌ፤ በጎን የጎረቤቴ የየሻረግና የባሏ። ማማው አንድ ነው፣ ጥበቃውም በተራ። የድሮው ማማ በሦስታችን ማሳ መካከል በአራት ቋሚ የቆመ ነበር፤ በክረምቱ ዝናብ ቋሚው በስብሶ ወደቀ። ስለዚህ ሐምሌ ማለቂያ ላይ አዲስ ለመሥራት ጎረቤቱ በወንፈል ተጠራ። ጠላውን ጠምቄ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ ጠላ የያዘ ሰው ሐሳቡ ይሰማል ብዬ። አልተሰማም፤ ጠላው ግን ተጠጣ።

አያ ደምሌ ምርኩዙን ይዞ ወዲያ ወዲህ አለና እማሳው ራስጌ ያለውን ትልቁን ዋርካ አሳየ።

«እዚህ ነው» አለ። «አምስት ሰው ቁመት ላይ።»

«አያ ደምሌ፣ ዋርካው ከእኔ ማሳ በጣም ይርቃል» አልኩ። «ከዚያ የተወነጨፈ ድንጋይ እኔ ጋ ሳይደርስ ይወድቃል። ይልቅ ያቺ ዋንዛ አለች፣ እአፋፉ ላይ። ዝንጀሮው የሚወጣባትን መንገድ ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች። ቁመቱም ዝቅ ቢል...»

«እት ስንዱ፣ ማማ ለማየት ነው። ለማየት ደግሞ ከፍ ማለት ነው።»

«ማየቱስ ይሁን፤ ድንጋዩ ካልደረሰ ማየት ምን ያደርጋል?»

ሰዎቹ ጠላቸውን ይዘው ፈገግ ፈገግ አሉ። አያ ደምሌ ሲያዩት ደስ ይለዋል፤ ብርሌ ሳይጨብጥ እንኳ እንደጨበጠ ሰው እጁን ከፍ አድርጎ ነው የሚናገር። «አንቺ ምን አስጨነቀሽ?» አለ። «ዝንጀሮ እንደሆን ሴት አይፈራም። ሴት ማማ ላይ ከማውጣት አሮጌ ቡትቶ መስቀል ይሻላል፤ ቡትቶው ቢያንስ ነፋስ ሲመጣ ይንቀሳቀሳል።»

ሳቁ። የየሻረግ ባል ሳይቀር ሳቀ፤ ለእሱ የሚሆነውን ሚስቱ ማታ ሰጥታዋለች፣ እዚያ ውስጥ አልገባም።

እኔ ግን ዝም አልኩ። የሚያውቁኝ ሰዎች ይህን ሲሰሙ አያምኑም። ለቀበሌ ሊቀመንበር መልስ ያላጣሁ፣ ለሐኪም መልስ ያላጣሁ፣ ከማርቆስ ከተማ የመጣ ማዳበሪያ አከፋፋይ አፉን አስይዤ የመለስኩ ሴት፣ ያን ቀን ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። ለምን መሰላችሁ? የተናገረው ነገር እኩሌታው እውነት ስለሆነ ነው። ዝንጀሮ በእርግጥ ሴት አይፈራም። ቀሚስ ያየ እንደሆነ ቀና ብሎ ያይና ወደ ምግቡ ይመለሳል። እናቶቻችን ማሳ ሲጠብቁ የባላቸውን ሱሪና ባርኔጣ የሚያደርጉት ለብርድ አልነበረም። ሐሰት ሲነግሯችሁ መልሱ ቀላል ነው፤ እኩሌታ እውነት ነው ሰውን የሚያንቀው።

ዋርካው ላይ ማማው ተሰቀለ። የመሰላሉ እርከን ሠላሳ ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፣ በመጀመሪያው ተራዬ ቀን አንድ በአንድ፣ ቀሚሴን በጥርሴ ይዤ። እላይ ስደርስ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰማይ አየሁ። የይጁቤን ቆርቆሮ አየሁ። ከሰንበቴ የሚመለሱ ሰዎችን ከነጃንጥላቸው አየሁ። እማሳዬን ባይ ደግሞ በቆሎው እሩቅ ሆኖ የሚታየኝ ጸጉሩ ብቻ ነው፤ ሲነቃነቅ ነፋስ ይሁን ሌባ አይለይም። ሌባው ሆኖ ሲገኝ ወንጭፌን አነሳሁ። ዋርካ ደግሞ ቅርንጫፉ ብዙ ነው፤ የወንጭፉ ገመድ አንዴ እንደዞረ ቅርንጫፍ ላይ ተጠመጠመና ድንጋዩ ቀጥ ብሎ ወረደ። ከሥር ሰው አለመኖሩ የማርያም ሥራ ነው። ሠላሳውን እርከን ወርጄ፣ ሜዳውን አቋርጬ ስደርስ ዝንጀሮዎቹ እአፋፉ ላይ ተደርድረው ተቀምጠው ያዩኛል። የሄዱት ፈርተው አይመስልም። ትንፋሽ እስክሰበስብ ጊዜ የሰጡኝ ነው የሚመስለው።

ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለካ ስለ ማማ ኖሯል።

አያ ደምሌ ማምሻውን መንገድ ላይ አገኘኝና «አላልኩም?» አለ።

በነጋታው የእሱ ተራ ነበር። እኔ ደግሞ ለከብት ሣር ላጭድ ከየሻረግ ጋር ከዋርካው ሥር ባለው ድንበር ላይ ነን። ከላይ ድምፅ ይመጣል። «ሄሎ... አዎ... አሁንስ ይሰማል? እኔ ጋ እንኳ ጥርት ብሎ ነው፤ ማማ ላይ ነኝ። በሬውን እንዳትለቀው፣ ለቅዳሜ ገበያ...» ቀና ብለን አየነው። ጀርባውን ለገደሉ ሰጥቶ፣ እግሩን አንጠልጥሎ፣ አንድ እጁ ጆሮው ላይ።

«የሻረግ» አልኩ፣ «ወዴት ነው የሚያየው?»

«ወደ ማርቆስ።»

«ዝንጀሮው ከማርቆስ ነው የሚመጣው?»

«ኔትወርኩ ነው ከማርቆስ የሚመጣው» አለችኝ፣ ማጭዷን ሳታቆም።

ዋርካው የተመረጠበትን ምክንያት ያን ጊዜ አወቅሁ። በእኛ አፋፍ ላይ ስልክ አይሠራም፤ ሰው አንድ ቃል ለመናገር ስልኩን ወደ ላይ ይዞ፣ ከብት እንደጠፋበት ሰው በየጉብታው ይንከራተታል። አያ ደምሌ ሐምሌን ሙሉ በየዛፉ እየወጣ ይሞክር ኖሯል። ዋርካው ላይ፣ በአምስት ሰው ቁመት፣ ፊት ወደ ማርቆስ ሲሆን፣ ሁለት መስመር ይመጣል። የማማችን ቁመት የተለካው በኔትወርክ ነው። ከፍታ የወደደው ለማየት ነው ብለን ስንከራከር የነበርነው ሁሉ ስለሌላ ጉዳይ ነበር።

ክፉ አስቦ ነው ልል አልችልም። የእኔን ማሳ ጀርባው ላይ ያደረገው ሊያስበላኝ አይመስለኝም፤ ኔትወርኩ በዚያ በኩል ሆነበት እንጂ። ለተበላው ግን ያው ነው።

ፍልሰታ እስኪፈታ ድረስ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ፤ ዝንጀሮ ሳጠና ከረምኩ። መጽሐፍ ስታነቡ የማይገባችሁን መስመር መላልሳችሁ እንደምታነቡት፣ እኔም ያን መንጋ መላልሼ አነበብኩት። ዝንጀሮም ማማ አለው። አታውቁም ነበር? አንዱ አይበላም፤ ሌሎቹ ሲበሉ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሚቀመጠው የት እንደሆነ ደግሞ ልብ በሉ። እጫፍ ላይ አይወጣም፤ እጫፍ ላይ የተቀመጠ ጥላው ሰማይ ላይ ተስሎ በሩቅ ይታያላ። ከዛፉ ወገብ ላይ ይቀመጣል፤ ጀርባውን ለግንዱ፣ ግንዱ ከነቀለሙ እንዲደብቀው። ጠዋት ፀሐይን ከኋላው ያደርጋል፤ የሚመጣው ሰው ዓይኑ ይጭበረበራል፣ የእሱ ዓይን ያያል። ፊቱን የሚያዞረው ደግሞ ወደሚበላው እህል አይደለም፤ ሰው ወደሚመጣበት መንገድ ነው። ቁመቱ ለማየት የሚበቃ፣ ለመውረድ የማያስቸግር። ሦስት ማሳ የሚያርስ ጎልማሳ በወንፈል ተሰብስቦ ያልመረጠውን ቦታ አንድ ጭራ ያለው ፍጥረት ብቻውን መርጦት ተቀምጧል። ቅድሚያ ለመቀመጫዬ አለች ዝንጀሮ ሲባል ስስቅ ኖሬያለሁ። ቁም ነገር ኖሯል።

ወደ የሻረግ ሄድኩ። «ዋንዛዋ ላይ የራሴን ማማ ልሰቅል ነው» አልኳት።

«በምን እንጨት?»

«በጠፍር አልጋው።»

የባሌ አልጋ ነበር፤ ማንም አይተኛበትም፣ ልሸጠውም አልቻልኩም። የሻረግ ትንሽ አየችኝና ገመድ ልታመጣ ሄደች። ይህች ሴት የማትጠይቀውን ነገር የምታውቅ ሴት ናት። ሁለታችን አልጋውን ጎትተን፣ በገመድ ስበን፣ ዋንዛዋ መንታ ሆና ከምትከፈልበት ላይ አሠርነው። ቁመቱ ሁለት ሰው ነው። ለምን ሁለት? አንድ ሰው ቁመት ቢሆን በቆሎው ራሱ ከሰው ስለሚበልጥ ቅጠል ብቻ ነው የማየው። ሦስት ቢሆን ስወርድ ይቀድሙኛል። በሁለት ሰው ቁመት ከበቆሎው በላይ ነኝ፣ መስመር ለመስመርም ይታየኛል፣ ድንጋዩም ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። በቀኝ እጄ በኩል ያለችውን አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ አስቆረጥኩ፣ ለወንጭፉ መዞሪያ። የቀሩትን አልነካሁም፤ ዋንዛ ቅጠሏን ያበጀችው እኔን ልትደብቅበት ነው። ጀርባዬ ለግንዱ፣ ፊቴ ለገደሉ። ነፋሱ ከበረሃው ወደ ላይ ሲመጣ ጩኸታቸውን ከእነሱ በፊት ያደርስልኛል።

መንደሩ በሦስት ቀን ውስጥ ሰማ። «ስንዱ አልጋዋን ዛፍ ላይ ሰቀለች» ተባለ። አንዳንዱ አዘነ፤ የባሏ ኀዘን ገና አሁን ሊጥላት ነው ብሎ። አያ ደምሌ ከዋርካው ላይ ለዘመድ ሁሉ ደውሎ እንደተናገረ ጉንደ ወይን ከተማ ካሉት ዘመዶች ሰምቻለሁ።

«በይ እንግዲህ» አለችኝ የሻረግ አልጋው ከተሰቀለ በኋላ፣ «የሟቹን ሱሪ አውጪ። ባርኔጣውንም።»

«አላወጣም።»

«ቀሚስ ለብሰሽ? ዝንጀሮው እኮ ዘመዱ ነው የሚያደርግሽ።»

«ያድርገኝ። ሱሪ ሲያይ ገና ከሩቁ ይሸሻል፤ የሸሸ ዝንጀሮ ሽሮ ልሠራ ወደ ቤት ስገባ ይመለሳል። እኔ የምፈልገው የሚቀርበኝን ነው።»

አያ ደምሌ ከሰው ፊት የጣለብኝን ነገር ያን ጊዜ ነው ገልብጬ ያየሁት። ዝንጀሮ ሴት አይፈራም ማለት ዝንጀሮ ከሴት አጠገብ ይደርሳል ማለት ነው። ወንጭፍ ለያዘች ሴት ከዚህ የሚበልጥ ምን ስጦታ አለ? አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ከእኔ ጋር ነው ማሳ ሲጠብቅ የኖረው። በልጅነቴ አጥር ላይ የተቀመጠ ቅል በአንድ ድንጋይ አወርድ ነበር። ቅሉ የእናቴ ስለሆነ ብዙ አልተመሰገንኩበትም።

ከፍልሰታ በኋላ አንድ ጠዋት ጥጤን እየፈተልኩ አልጋዬ ላይ ተቀምጫለሁ። ነፋሱ ድምፃቸውን አመጣ። ከዚያ ራሳቸው መጡ፤ እናቶች፣ ግልገሎች፣ በመጨረሻም ጎፈሩን እንደ ሹም ያንዠረገገው አውራ። ቀና ብሎ አየኝ። ቀሚሴን አየ፣ እንዝርቴን አየ። አስቦ ጨረሰ። ከዚያ ጀርባውን አዙሮልኝ ተቀመጠና እሸቱን መፈልፈል ጀመረ። እንዝርቱን አስቀመጥኩ፤ ወንጭፉን አነሳሁ፤ አንዴ አዞርኩት፣ ሁለቴ አዞርኩት። ድንጋዩ ያረፈበትን ቦታ አልናገርም፣ ይህን ካህናትም ያነቡታል። ተረቱ ግን ዝንጀሮ ቅድሚያ የሚያስበው ለየትኛው አካሉ እንደሆነ ነግሮናል።

አውራው የጮኸውን ጩኸት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። የሕመም ብቻ አልነበረም፤ የታለለ ሰው ጩኸት ነበረበት።

በማግሥቱ መጡ፣ ሌላውን መታሁ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ብቻ መጣች፣ እኔ ቀና ስል ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ያ መንጋ ቀሚስ ያየ እንደሆነ ገደሉን ሳይጨርስ ይመለስ ጀመር። የሻረግ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሲሸሿት አይታ እየሳቀች መጣች። «ክብር አገኘን» አለችኝ። መቼም ሆድ አይጾምምና መንጋው ሌላ መንገድ ፈለገ፤ በጅረቱ ዞሮ፣ የእኔን ማሳ በሩቅ ትቶ፣ በአያ ደምሌ በኩል ወጣ። እዚያ ደግሞ ሱሪ የለበሰ ሰው ሰማይ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ስለ በሬ ያወራል። ዝንጀሮዎቹ በዚያ ሰሞን ሱሪ የለበሰ ሁሉ ስልክ ላይ ነው ብለው የደመደሙ ይመስለኛል። ሲያወራ ይበላሉ፤ ድምፁ ሲቆም ቀና ይላሉ፤ «ሄሎ» ሲል ይቀጥላሉ። አንድ ቀን ዞር ብሎ አያቸውና ከመደንገጡ የተነሳ እስልኩ ውስጥ «ዝንጀሮ፣ ዝንጀሮ» እያለ ጮኸ። የሰሙት ጉንደ ወይን ያሉት ናቸው፤ ከልብ አዝነዋል። እሱ ሠላሳውን እርከን ወርዶ እስኪደርስ ግን ከማሳው ጥጉ ተጠርጓል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

አዘንሽ ወይ ብትሉኝ፣ መጀመሪያ አላዘንኩም። እንዲያውም ሁለት ቀን ዘፈን ዘፈን አለኝ። በሦስተኛው ቀን ሚስቱ የረገፈውን እሸት በቀሚሷ ጫፍ ስትለቅም አየኋት። ማማው የት ይሰቀል ብሎ እሷንም የጠየቃት የለም። አንድ ቅርጫት እሸት ሞልቼ በጓሮ በኩል ሰጠኋት። «አይንገሩት» አልኳት። «ምኑን?» አለች፤ ቅርጫቱንም ባዶውን በማግሥቱ መለሰች። እና ስሳሳለት ብታዩኝ ያልኩት ይህን ነው፤ አሁን ወደ በደሉ እንመለስ።

በቆሎው ተሰበሰበ። የእኔ ጎተራ ሞላ፤ የእሱ ጎደል አለ እንጂ አልራበውም፣ ጤፍ አለው። ኅዳር ላይ በሰንበቴው ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እደጀ ሰላሙ ተሰብስበን ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ እንዳለን፣ አባ ታከለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ አምና የተነጋገርነው ነገር ነበረ» አሉ። «እት ስንዱ ማሳዋን ጠብቃለች። ደምሌ፣ አንተ ምን ትላለህ?»

እኔ «ጎበዝ ናት» ይላል ብዬ አልጠበቅሁም። «ይሁን» ቢል ይበቃኝ ነበር።

አያ ደምሌ ዋንጫውን አስቀመጠ። «እሷ ምን ጠበቀች አባ?» አለ። «ዘንድሮ ዝንጀሮው በእኔ በኩል ዞረ። ዕድል ነው። ዕድል ደግሞ በየዓመቱ አይገኝም፤ ከርሞ ማሳው መበላቱ አይቀርም። እንዲያው ሳይበላ በፊት በእኩል ብትሰጠኝ ለእሷም ደግ ነው።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን መነቅነቅ ጀመሩ። ይህ ራስ መነቅነቅ የሚሉት ነገር ጉልበት አይፈልግምና ፈጥኖ ይዛመታል። የየሻረግ ባል ብቻ መሬት መሬት ያያል። የሻረግ ከሴቶቹ መካከል ዓይኗን እኔ ላይ ተክላለች። ከሐምሌ ጀምሮ ላንቃዬ ላይ የተጣበቀው ምላሴ ሲላቀቅ ተሰማኝ።

ፍርዱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ የመጨረሻውን ቃል ለአባ ታከለ መስጠት አልፈልግም። እኔ ተናግሬ ስጨርስ አባ ታከለ ለረጅም ጊዜ ሳሉ፤ ሳል ነው ብለን እናክብርላቸው። ከዚያ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው «ማሳው የእሷ ነው፣ ይህ ነገር ዳግመኛ አይነሳ» አሉ፤ አልተነሳም። አያ ደምሌም ሳቀ፤ ነገረኛ ነው እንጂ ጨዋታ ያውቃል።

እኔ ያልኩት ይህን ነው፤ ከመቀመጫዬ ሳልነሳ፣ ዋንጫዬን እንደያዝኩ፦

«ልክ ነዎት አያ ደምሌ፣ ዕድል ነው። ዕድሌ ጠዋት ጠዋት ከፀሐይ ቀድማ ትነሳለች፤ ዋንዛዋ ላይ በሁለት ሰው ቁመት፣ ጀርባዋን ለግንዱ፣ ፊቷን ለገደሉ ሰጥታ እስኪመሽ ትቀመጣለች፤ ስልክ የላትም። ለከርሞ ነሐሴ ላይ ብቅ ይበሉ፣ አስተዋውቅዎታለሁ።»